የላሜራው ክዳን

«ምን ገደለ?» አለች ሽታዬ።

ወለተሩፋኤል ከተቀመጠችበት የቁርበት ጄንዲ ቀና ሳትል መለሰች። «ምንም።»

«አንበሳም? ጎሽም?»

«የት አግኝቶ።»

«በአርበኝነቱ ጊዜስ? አንድ ጣሊያን እንኳ?»

«ያን ጊዜ የዜማ ተማሪ ነበር።»

«እሺ፤ አረሰ?»

«አላረሰም።»

«ቀደሰ?»

«ድቁና ተቀብሎ ተወው።»

ሽታዬ የንፍሮውን ሰፌድ ገፋ አደረገችና ትክ ብላ አየቻት። ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ትልቅ ሰው ሲሞት የምትጠራ አልቃሽ ናት። እንደ ሌሎቹ በደረሰችበት አታለቅስም። ለቅሶው ከመዋሉ አስቀድማ ሟች ቤት ትገባለች፤ ከቅርብ ዘመድ ጎን ቁጭ ብላ የሟቹን ነገር እንደ ዳኛ ትመረምራለች። በማግስቱ ሜዳ ላይ በግጥም የምታወጣው የመረመረችውን ነው።

«እንግዲያ ምን ብዬ ላልቅስለት?» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እንዲህ ልበል?

ምንም ያልሠራ ሰው እንዲህ ነው ለቅሶው፣
መጣ ሄደ ብሎ ንፍሮ መቆርጠም ነው።»

ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ በይው» አለች ወለተሩፋኤል። «ዲያቆን ነበር፣ ድምፀ መልካም ነበር በይ። አባቴ ያዘዘው ይህንን ነው።»

«የሞተው አባትሽ ነው እንዴ? እኔ የተጠራሁት ለልጁ መስሎኝ።»

«ሌላ የምነግርሽ የለኝም፣ እመት ሽታዬ።»

«አለሽ እንጂ።» አልቃሿ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ፊትሽ ላይ አንድ የጥፍር ምልክት የለም። ይህ ወንድሟ የሞተባት ሴት ፊት አይደለም፤ የተጣላች ሴት ፊት ነው። ነገ ሣልስቱ ነው። እኔ ባዶ አፌን ይዤ ሜዳ ላይ አልቆምም። አንድ ነገር ካልነገርሽኝ ያንን የሰማሽውን ነው የምለው።»

እሷ ከወጣች በኋላ ሹክሹክታው ቀስ እያለ ተመለሰ። ወንድሟ ኃይለ ጊዮርጊስ የሞተው ከገበያው በታች ካለው ጋራዡ ውስጥ ነው። በሰንሰለት ከፍ ተደርጎ ከተሰቀለ የጭነት ማኪና ስር ገብቶ ሲሠራ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሰው ሲደርስ ትንፋሹ የለም።

«ብረቱ ነው የበላው» አለች አንዲት ሴት ከጥግ።

«የበላ ይበላል።»

«ተይ፣ እህቱ ትሰማለች።»

«ትስማ። እሷስ መች ወንድሜ ትለው ነበር?»

ወለተሩፋኤል ሰምታለች። ዞራ እንዳትሰድባቸው የያዛት ሐዘን አልነበረም። ቃላቱ የራሷ ነበሩ። ይህንኑ ነገር እሷ ራሷ፣ በዚሁ ቤት፣ ለእነዚሁ ሴቶች ስንት ዓመት ስትናገር ኖራለች።

ነገሩን የጀመሩት አባቷ ናቸው፤ ይህንን ግን በቤቱ የሚያነሳ የለም። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ክረምት የደብሩ ደወል የተንጠለጠለበት የብረት ማንጠልጠያ ለሁለት ተሰበረ፤ ደወሉ ጭቃ ላይ ወደቀ። ለበዓሉ ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር። መሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጃቸውን ጠሩና የተሰበረውን ብረት አሸክመው ከምርኮ ተርፎ ጎንደር ወደ ቀረው ጣሊያን ጋራዥ ላኩት። «ቶሎ ይሥራልህ፤ ከደጁ ቁም እንጂ እንዳትገባ» አሉት።

ልጁ ገባ። ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ቤቱ ደረሰ። ዓይኖቹ አብጠው ተከድነዋል፤ እንባቸው ያለማቋረጥ ይወርዳል። ሰፈሩ ወዲያው ተሰበሰበ። ቡዳ ነው፣ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ተበላ ተባለ። ጠበል መጣ፣ ጤና አዳም መጣ። እናታቸው ሞታ ስለነበር ራሱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ያደረችው ገና ልጅ የነበረችው ወለተሩፋኤል ናት። ጥጥ በወተት እየነከረች ዓይኑ ላይ ጠብ ጠብ ታደርግለታለች።

«ወለቴ» አላት፣ እያቃሰተ። «ሁለት ብረት አንድ ሲሆን አየሁ።»

«ዝም በል፤ ወተቱ አፍህ ውስጥ ይገባል።»

«መዶሻ የለም እኮ። ብርሃን ብቻ ነው። ፈረንጁ ፊቱን በጥቁር መስተዋት ከልሎ ያያል። እኔ ባዶ ዓይኔን አየሁት።»

«ዓይንህ ሊጠፋ ነው፣ ሞኝ።»

«ይጥፋ። አንዴ አይቼዋለሁ።»

እሷ ሳቀች። እሱም ዓይኑን እንደጨፈነ ሳቀ። ወተቱ ጆሮው ውስጥ ፈሰሰ።

ዓይኑ ሲድን ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ጣሊያኑ እሳቱን አልሰጠውም። ከተቃጠሉ የጦር ማኪኖች የተነቀለ የተጨማደደ ላሜራ ክምር አሳየውና መዶሻ አስያዘው። ክረምት ከበጋ ሲቀጠቅጥ ከረመ። የተጨማደደው እንደ ብራና እስኪለሰልስ፣ ጣት ሲሄድበት ጉብታ እስከማያገኝ ድረስ ነው። ከዚያ በመሮ መቁረጥ፣ ከዚያ በሐዲድ ብረት ጠርዝ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ ብቻ እሳቱ። አባቱ ነገሩን የሰሙት ከሌላ ደብር ሰው አፍ ነበር። ማታውን በሩን ዘግተው ጠበቁትና «ዜማዬን ይዘህ ከቀጥቃጭ ጉያ ገባህ?» አሉት። ኃይለ ጊዮርጊስ ቁርበቱን ጠቀለለ። ማደሪያውንም ወደ ጋራዡ አዞረ።

ከቀትር በኋላ ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። የሟቹ ሚስት ናት። እናቷ አዘዞ ጠላ ትሸጥ ስለነበር በዚህ ቤት ከሞት በፊትም ቢሆን ጥሩ ስፍራ አልተሰጣትም። ፊቷ በጥፍር ተሟጭሯል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ማኪናዋ ትውጣ» አለች።

ሁሉም የምትለውን አወቀ። በጎንደር ደንብ በሣልስቱ የሟቹ ነገር ሜዳ ላይ ይወጣል። ባለ በቅሎ ከሆነ በቅሎው፣ ባለ ጠመንጃ ከሆነ ጠመንጃው፣ ካህን ከሆነ ካባው ከለቀስተኛው መሃል እየዞረ ይለቀስበታል። መሪጌታ ከጎረቤታቸው ከአያ አለነ በቅሎ ተውሰዋል። ከአንድ የባላባት ቤት ደግሞ ሰይፍ አስመጥተዋል።

«ሰይፍ ይዞ አያውቅም» አለች ትርንጎ። «በቅሎም አልነበረውም። ሰው የምታመላልሰውን ያችን ማኪና ነው የሠራ። ከሻንሲዋ፣ ከታች ካለው የብረት አጽሟ በቀር ከእሳት የተረፈ አልነበራትም። በሩን፣ ጣሪያውን፣ ወንበሩን፣ ሁሉን በእጁ ነው ያበጀው። እሷ ትውጣ።»

«ማኪና ሜዳ ላይ አውጥተን ልናለቅስ?» አለች ወለተሩፋኤል። «ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ብሎ ጨርሷል። ካንቺ የቀረ ካለ ጨምሪበት።»

«አፍሽን ሰብስቢ፤ የሐዘን ቤት ነው።»

«ያንቺ ሐዘን? በቁሙ ወተት የከደንሽበት አንቺ አይደለሽ? ዛሬ ሰይፍ ልታስታጥቂው ነው? ምነው እንዲህ ሸጋ እህት ሆንሽ?»

ከሴቶቹ ማንም ቀና አላለም። ትርንጎ እግሯን እየጎተተች ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የወተቱ ነገር እውነት ነው።

ወለተሩፋኤል ወገራ ነበር የተዳረችው፤ ለባለ ርስት ልጅ፣ ብዙ ከብት ካለው ቤት። ሁለት ዓመት በደህና ኖረች። ከዚያ አንድ የጎንደር ነጋዴ በምሽት እንግድነቱ ስለ ከተማው ሲያወራ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ ብረት እንደሚያቀልጥ፣ ከጣሊያን ጋር ማኪና እንደሚሠራ አወራ። በሳምንቱ አንዲት ላም ጥጃዋን ጣለች። በወሩ የባሏ ታናሽ ወንድም ሆዱን ታመመ። እንጀራ ስታቀርብ አማቷ ሰበብ እየፈለገች ትነሳ፣ እሷ ስትገባም የቡዳ ዓይን እንዳያርፍበት ወተቱን ትከድን ጀመር። በመጨረሻ ባሏ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ወደ አባቷ ቤት ይዟት መጣና ከደጅ አውርዷት ሄደ። ጭነቷን እንኳ ወደ ቤት አላስገባላትም።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟን በስሙ አልጠራችውም። እሱ ግን ይመጣል። አባቱ ደጀ ሰላም በሚውሉበት ሰዓት ጠብቆ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ይላል። እሷ ምንም አትለውም። የመጀመሪያው ቀን ግን፣ ምድጃው ጎን የተቀመጠ የወተት ማሰሮ አፉ ክፍት ነበርና፣ እጇ ሳታዘው ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከደነችው። ወገራ ያየችውን ነው ያደረገችው፤ አማቷ በእሷ ላይ ያደረገችውን። ኃይለ ጊዮርጊስ ማሰሮውን አየ፣ እሷን አየ፣ ተነሥቶ ሄደ።

ቢሆንም ተመልሶ መጣ። በመጣ ቁጥር ከደነችው። አንድ ቀን እሱ ቀርቶ ሌላ ሰው መጣ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጥቷት ዞረ። ስትፈታው የላሜራ ክዳን ነው። ከላይ መያዣ አለው፤ ውስጡ የከባድ ማኪና በር ሳለ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም እንዳለ ነው። ማሰሮው ላይ ብትገጥመው ልክ ሆነ፤ ሳይለካ በዓይኑ ብቻ የወሰደው ነው። ፊቷ በንዴት ጋለ። «እየሰደበኝ ነው» አለች። አውጥታ ከጓሮ ወረወረችው። ገልብጣም ለዶሮዎች ውሃ መጠጫ አደረገችው። ኃይለ ጊዮርጊስ በሌላ ቀን ሲመጣ ዶሮዎቹ ከክዳኑ ሲጠጡ አየ። ነጠላዋንም ከማሰሮው ላይ አየ። ያን ቀን ቶሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ማኪናዋ ያለቀች ቀን ደግሞ ከተማው ሁሉ ለማየት ወጥቶ ነበር። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርዳ እስከ ዛሪማ ሰው የምታመላልስ ናት። ደረጃዋን ዝቅ አድርጎ ነው የሠራው፤ ሸክም ያላት አሮጊት እንድትወጣበት። ከበሩ ጎን ደግሞ የትም ማኪና ላይ የማይገኝ አንድ ነገር ነበር፤ የካህናት መቋሚያ እንዳይንገላታ ረድፍ ያለው የብረት ማቆሚያ። ለንግሥ በዓል ከአባቱ ደጅ አምጥቶ አቆማት። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ፣ በማኪናዋ ጎን አለፉ፤ አቧራዋን እየዋጡ በእግራቸው ሄዱ። ወለተሩፋኤልም ከኋላቸው በእግሯ ሄደች።

ወደ ማምሻው ሐብተ ማርያም መጣ። ከኃይለ ጊዮርጊስ ጋር ማኪናዋን የሠራ፣ ከዛሪማ ገጠር የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ በእሳት ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ሰው ነው። ከበሩ ቆሞ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ።

ሴቶቹ መለሱለት። በዚያው ቅጽበት ከሁለት ሦስት ቦታ ነጠላ ተነሳና የንፍሮው ሰፌድ ተሸፈነ፣ የጠላው ጋን አፍ ተከደነ። ሐብተ ማርያም እንዳላየ ሆኖ ከበሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ወለተሩፋኤል ያቺን ዱካ አየች።

መሪጌታ ከመደብ ላይ በጀርባቸው ትራስ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ላያቸው ሰው የተኙ ይመስላሉ።

«እስቲ አንተ አብረኸው የሠራኸው ንገረን» አለች ያቺ ከጥግ የምታወራ ሴት። «ብረቱን ሲያቀልጥ በዚያ ጭንብል ውስጥ ሆኖ የሚያነበንበው ድግምት ምንድር ነው? መንገደኛ ሁሉ ሰምቶታል።»

«ድግምት አይደለም፣ እናቴ። ዜማ ነው።»

«የምን ዜማ?»

«የቤተ ክርስቲያን። ስስ ላሜራ ሲበይድ በአራራይ፣ ወፍራም ሻንሲ ሲሆን በዕዝል ያዜማል። እጅ ከዜማው ከቀደመ ብረቱ አይያያዝም፤ ከዜማው ከዘገየ እሳቱ ላሜራውን ይበሳዋል። ጣሊያኑ ቁጥር እየቆጠረ ነበር የሚበይድ፤ እሱ ያን ትቶ በዚህ ነበር የሚሠራ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ዜማ ከየት አውቃለሁ? ብየዳ አስተምረኝ ስለው መጀመሪያ ዜማውን አስተማረኝ። ላሜራ ስበሳ ‹ድምፅህ ሮጠ፤ እጅህ ምን ያድርግ› ይለኛል።»

«ዝም በል!» መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ጮኹ። «የያሬድን ዜማ ከጋራዥ ጭስ ጋር! እሳት ውስጥ ሆነው የዘመሩ ሠለስቱ ደቂቅ ብቻ ናቸው! ሌላ ማንም የለም!»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱ። የተናገሩትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ የሰሙት ይመስል ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐብተ ማርያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም» አለ ወደ ወለተሩፋኤል ዘንበል ብሎ፤ «ያ ክዳን አለሽ ወይ?»

«የቱ ክዳን?»

«የወተቱ። ደጋግሞ ነው የሠራው። የመጀመሪያው ዳሩ ስለት ነበረ፤ ‹እጇን ይቆርጣታል› ብሎ ጣለው። ቀጥሎ የሠራው መያዣው ሲበየድበት ተጣመመ፤ እሱንም ጣለው። ለዚያች ክዳን ያጠፋነውን ጊዜ ለአንድ በር አላጠፋንም።»

«ሊሰድበኝ ነው የሠራው።»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ይሄ ስድብ ነው ወይስ ስጦታ?› አልሁት። ‹እኔ በገባሁ ቁጥር ነጠላዋን ከትከሻዋ ታወርዳለች፤ ቤቱ ደግሞ ብርድ ነው› አለኝ። ‹ታዲያ ስጦታ ነዋ› ስለው ሳቀ። ‹አንተ ዳሩን እጠፍ፤ ሌላውን እሷ ትጨርሰዋለች› አለ።»

ወለተሩፋኤል ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ደረቷ ላይ ያዘች። ሐብተ ማርያም ምንም ሳይቀርብለት፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ተሰናብቶ ወጣ።

በማግስቱ ጧት ሕዝቡ ከደብሩ በታች ካለው ሜዳ ተሰበሰበ። ዝናብ አልነበረም፤ ከሰሜን በኩል የሚወርደው ነፋስ ግን አጥንት ይገባል። የአያ አለነ በቅሎ ግምጃ ለብሳ መሃል ቆማለች። ሰይፉ ከኮርቻዋ ተንጠልጥሏል። መሪጌታ ከካህናቱ ጋር በአንድ ወገን፣ ትርንጎ ከአዘዞ ዘመዶቿ ጋር በሌላ ወገን ቆመዋል። ሐብተ ማርያምና የጋራዡ ሰዎች ከሁሉም ኋላ፣ ሰው ካልተጠጋበት ቦታ ናቸው። ማኪናዋ አልወጣችም።

ወለተሩፋኤል ዘግይታ መጣች። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሲወርድ እሷ ወደ ጓሮ ዞራ ነበር። ዶሮዎቹ ተሰብስበው ይጠጣሉ። እጇን ከመሃላቸው አስገብታ ክዳኑን አነሣችው፤ ውሃው እግሯ ላይ ተደፋ። ስንት ክረምት ዝናብ ሲመታው ከርሟል፤ አንድ ጠብታ አንጠባጥቦ አያውቅም። በጣቷ ዳሩን ዞረችው። ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እንደገና ታጥፏል፣ ለስልሷል። የትም ቦታ ጣቷን የሚይዝ ስለት አላገኘችም። ዞረችው፤ እንደገና ዞረችው። ከዚያ ከነጭቃው ነጠላዋ ስር ያዘችው።

ሽታዬ ከሜዳው መሃል ቆማለች። መቀነቷን አጥብቃ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ከለቀስተኛው ሁሉ ለይታ ወለተሩፋኤልን ታያለች። ጥቂት ቃል አወጣች፤ የመሪጌታን ስም፣ የደብሩን ስም። ሰዉ ቀዝቀዝ ብሎ ተቀበላት። በቅሎዋ አንድ ዙር ዞረች። ከኋላ አንድ ጎበዝ «ሰይፉን ያወቀው አለ?» ብሎ አሾፈ፤ የሳቁለት ነበሩ።

ሽታዬ ወደ ወለተሩፋኤል መጣች። «እንግዲህ?» አለች፤ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ያንን የንፍሮውን ልበል?»

ወለተሩፋኤል ከነጠላዋ ስር ክዳኑን አወጣች።

«ምንድር ነው?»

«የማሰሮ ክዳን። እሱ ነው የሠራው። ለእኔ ነው የሠራው።» ዳሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «እሱ ሲገባ ወተት እከድንበት ነበር። ቡዳ ነው ብዬ። ወንድሜን። ይህን ሠርቶ ላከልኝና ዶሮ አጠጣሁበት። እሳት ፊት ሲቆም ያዜም ነበር፤ በዜማ ነበር ብረት የሚያያይዝ። ምን ገደለ አልሽኝ። ምንም አልገደለም።»

ሽታዬ «አንሺው» አለች። «ከፍ አድርገሽ።»

ወለተሩፋኤል ክዳኑን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣችና ወደ መሃል ገባች። የዶሮ ጭቃ ክንዷ ላይ ወረደ። መጀመሪያ ሰዉ ያየውን አላወቀውም። ቀጥሎ ጉርምርምታው ተነሣ።

«ምንድር ነው የያዘችው?»

«ክዳን ነው እኮ!»

«አበዱ እነዚህ ሰዎች።»

«ጣይው!» አሉ መሪጌታ ከካህናቱ መሃል። አልጣለችውም። በበቅሎዋ ጎን አለፈች። በቅሎዋ ደነገጠችና ሰይፉ ከኮርቻው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። የሽታዬ ድምፅ በሁሉም ላይ ወጣ።

«ሌላው ብረት ይዞ ሰው ከሰው ለየበት፣
ያንተ እጅ ግን ነካው፣ ሁለት አንድ ሆነበት።»

ትርንጎ ጮኸች። ከሰው መሃል ተስፈንጥራ ወጣችና ደረቷን እየመታች ከወለተሩፋኤል ኋላ ተከተለች። አልቃሿ አንድ ዙር ዝም ብላ አዞረቻቸው። ቀጥላ፣ እያንዳንዱን ሰው በዓይኗ እየወጋች፦

«እሳት ውስጥ ያለውን ዜማ ያልሰማችሁ፣
ቀጥቃጭ ነው አላችሁ ጆሮ ሳይኖራችሁ።»

«ለቅሶ መጥተን ልንሰደብ ነው?» አለ አንድ ሰው። አያ አለነ መጥቶ ሰይፉን ከመሬት አነሣ፤ ግምጃውን ከበቅሎዋ ገፈፈና ልጓሟን ይዞ እየጎተተ ወጣ። «በእኔ በቅሎ የማሰሮ ክዳን አይለቀስም» አለ። ዘመዶቹ ተከተሉት። ያቺ ከጥግ የምታወራ ሴትም ሄደች። ሜዳው ግማሹ ባዶ ሆነ። በባዶው በኩል የጋራዡ ሰዎች ቀስ እያሉ ወደ መሃል ቀረቡ። ሐብተ ማርያም አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩ ሳይከፈት፣ አንድ ነገር ያንጎራጉር ነበር።

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ቆሙ። በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው እስከ መጨረሻው እንዲሁ ቆሙ። ፊታቸውን ያየ የለም። አልሄዱም ግን።

ከሜዳው መልስ ቤቱ እንደ ትናንቱ አልሞላም። ትርንጎ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ እጇን ታሞቃለች። በወለተሩፋኤል ፊት ላይ አሁን ደም ያቆረ የጥፍር መስመር አለ።

ወለተሩፋኤል ክዳኑን በአመድ አሸችው፣ አጠበችው። አረንጓዴው ቀለም ታየ። ከወተቱ ማሰሮ ጎን አኖረችው። ከዚያ ከግድግዳው ዋንጫ አወረደች፤ ከማሰሮው ወተት ቀዳች። ይዛ ሄዳ ከበሩ አጠገብ፣ ከዱካዋ ፊት፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዱካዋ ላይ ማንም አልነበረም።

ትርንጎ አየች። ከልማድ ይሁን ከዝንቡ ብዛት፣ ክዳኑን አንሥታ ልትሰጣት እጇን ዘረጋች።

ወለተሩፋኤል እጇን መለሰችባት። ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አደላድላ ተከናነበችና ከዋንጫው ፊት ለፊት ቁጭ አለች። አንዲት ዝንብ መጥታ ከወተቱ ዳር አረፈች። ወለተሩፋኤል አየቻት። አልከደነችውም።